በምን ተካው?

አባቴ አንድ ጎረቤት ገበያ ወጥቶ ከብት ሸጠ ሲባል ዋጋውን አስቀድሞ አይጠይቅም፤ «በምን ተካው?» ነው የሚለው። በጎዛምን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ያደግሁ የገበሬ ልጅ ስለሆንሁ ይህን ጥያቄ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ክብደቱን በሚገባ የተረዳሁት ግን አንድም ቀን ሜዳውን ባልረገጥሁት የእንግሊዝ የእግር ኳስ ክለብ ምክንያት ነው። ሊድስ ዩናይትድን ሃያ አምስት ዓመት ደግፌአለሁ፤ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ስምንቱን የውድድር ዘመን ቡድኔ ያሳለፈው ከፕሪምየር ሊግ ውጭ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት 25 ቀን 1993 ዓ.ም. ቅዳሜ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ባሕር ዳር አጎቴ ዘንድ ተቀምጬ እማር ነበርና፣ ጋሼ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ ወደሚያሳይ ሆቴል ይዞኝ ሄደ። እርሱ የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። ሊቨርፑል ገና ከጅምሩ ሁለት ለባዶ ሲመራ በአዳራሹ የነበሩት ብዙዎቹ ጨዋታው ያለቀ መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን ማርክ ቪዱካ የተባለ አውስትራሊያዊ አጥቂ ብቻውን አራት ጎል አስቆጥሮ ሊድስ 4 ለ 3 አሸነፈ። ከጎሎቹ ይበልጥ ልቤን የወሰደው ጋሼ በመንገድ ላይ የነገረኝ ነው፤ ከልጆቹ ብዙዎቹን ክለቡ ራሱ ከታች ጀምሮ ያሳደጋቸው መሆኑን፣ ቢጫ ጸጉር ያለው አለን ስሚዝ ደግሞ እዚያው ሊድስ ተወልዶ ያደገ መሆኑን ነገረኝ። የሰፈር ልጆች ለሰፈራቸው ሲጫወቱ ማየት ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብዙ ነገር ነው። ቡድኑ በዚያው ዓመት እስከ ቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በቫሌንሲያ ተሸነፈ፤ እኔም የሊድስ ደጋፊ ሆኜ ቀረሁ።

ኋላ የተገለጠው ዕዳ የተገባው በዚያ በደጉ ዘመን ነው። (ከዚህ በኋላ የእንግሊዝን ሊግ ነገር ሳነሳ ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።) የክለቡ አመራር ቡድኑ በየዓመቱ ቻምፒየንስ ሊግ እንደሚገባ ቆጥሮ፣ ገና ያልተሸጡ የወደፊት ትኬቶችን መያዣ በማድረግ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ተበደረ። በ2001 ሊጉን በአራተኛነት ጨረሰ፤ በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝ ወደ ቻምፒየንስ ሊግ የሚያልፉት ሦስት ብቻ ስለነበሩ የተቆጠረው ገንዘብ አልመጣም፤ ሆኖም ግዢው አልቆመም። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው የአገራችን አባባል ለዚያ አመራር የተነገረ ይመስለኛል። ሪዮ ፈርዲናንድ በኅዳር 2000 ከዌስት ሃም በ18 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቶ፣ በሐምሌ 2002 ለማንቸስተር ዩናይትድ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ በሆነ ዋጋ ተሸጠ። ዋጋውን ብቻ ያየ ሰው ድንቅ ንግድ ነው ሊል ይችላል። በአባቴ ጥያቄ ስንመዝነው ግን ገንዘቡ ወደ ዕዳ ገባ፤ በቦታውም እርሱን የሚያህል ተከላካይ አልተገዛም። ስድስት ወር ሳይቆይ ሌላው የመሐል ተከላካይ ጆናታን ውድጌት ለኒውካስል ተሸጠ። ሮቢ ኪን ወደ ቶተንሃም፣ ሮቢ ፋውለር ወደ ማንቸስተር ሲቲ፣ ሃሪ ኪዌል ወደ ሊቨርፑል ሄዱ። ቤቱ በየወሩ አንድ ምሰሶ እየተነቀለለት እስከ 2004 ድረስ ቆመ።

የወረድንበትን ቀን አልረሳውም። ሚያዝያ 24 ቀን 1996 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደርሶብኝ እያጠናሁ ውጤቱን የሰማሁት በሬዲዮ ነው፤ ቦልተን 4፣ ሊድስ 1። በዚያ ልቤን በወሰደው ጨዋታ አራት ጎል ያገባው ቪዱካ በዚህኛው አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ካስቆጠረ በኋላ በቀይ ካርድ ወጣ። ሬዲዮኑን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ መጽሐፌን ሳልገልጥ ተቀመጥሁ።

የሊድስ ሜዳ በሆነው በኤላንድ ሮድ አጠገብ የሚኖር ደጋፊ ቡድኑ ሲወርድ ቢያዝንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ ያያል፤ ሜዳው ያው ነው፣ ማሊያው ያው ነው። ጎጃም ላለ ደጋፊ ግን መውረድ ማለት ከዓይን መሰወር ነው። በአርሰናልና በማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች በተሞሉት የእኛ ከተሞች የኳስ ማሳያ ቤቶች ውስጥ የታችኛውን ሊግ ጨዋታ ለአንድ ሰው ብሎ የሚከፍት የለም። የስፖርት ጋዜጦችም ስሙን ያነሱት እንደሆነ ከተሸጠ ተጫዋች ጋር አያይዘው ብቻ ነበር። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ስለ ቡድኔ የማውቀው ነገር ሁሉ ከሞላ ጎደል ስለ ዝውውር ነበር፤ ማን እንደሄደ፣ በስንት እንደሄደ። ዝውውርን ከጨዋታ ይበልጥ የማሰላስል ሰው የሆንሁት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የአባቴን በሬዎች ማንሳት አለብኝ። በ1989 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ እርሻው በተፋፋመበት ሰዓት፣ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ቦራ ታሞ ሞተ። ዳልቻ ብቻውን ቀረ። አንድ በሬ ለብቻው አያርስም፤ ስለዚህ በሳምንቱ አንድ የከብት ነጋዴ ቤታችን ድረስ መጥቶ ለዳልቻ ጥሩ ዋጋ ሰጠ። እናቴ ጭምር ይሸጥ ብላ ነበር፤ በጎተራው ያለው እህል እስከ መስከረም እንደማያደርስ ታውቃለችና። አባቴ እንቢ አለ። ከጓሮ የነበረውን ባሕር ዛፍ ለአጣና ነጋዴ ሸጦ እህል ገዛ፤ ከዚያም እንደ እርሱ አንድ በሬ ብቻ ከነበረው ጎረቤታችን ጋር መቀናጆ ገባ። አንድ ቀን የእኛ ማሳ፣ በማግሥቱ የእርሱ ማሳ እየታረሰ ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ከላማችን የተወለደው ወይፈን ደረሰና አባቴ ከዳልቻ ጋር ጠምዶ ገራው። ወይፈን ከወይፈን ጋር አይጠመድም፤ ትልሙን የሚያውቅ፣ ከማሳው ጫፍ ሲደርስ ሳይታዘዝ የሚዞር አሮጌ በሬ በአጠገቡ ያስፈልገዋል። ዳልቻ በዚያ ክፉ ክረምት ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ወይፈኑን የሚያስተምር በሬ አይኖርም ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ ጎረቤት ደግሞ የማዳበሪያ ዕዳ ሲጠናበት በሬውን ሸጦ ከፈለ። በቀጣዩ ዓመት የሚያርስበት ስለሌለው መሬቱን ለእኩል ሰጠ። በገዛ መሬቱ ላይ የሌላ ሰው ጥማድ ሲያርስ ዳር ቆሞ ሲመለከት አይቼዋለሁ።

አሁን የ2004ን ክረምት ልናገር። ግብ ጠባቂው ፖል ሮቢንሰን ወደ ቶተንሃም፣ ቪዱካ ወደ ሚድልስብራ፣ ዶሚኒክ ማቴዮ ወደ ብላክበርን፣ ኢያን ሃርት ወደ ስፔኑ ሌቫንቴ ሄዱ። ሊድስ የተወለደው የ18 ዓመቱ ጄምስ ሚልነር ለኒውካስል ተሸጠ። አለን ስሚዝም በመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ደጋፊዎች በትከሻቸው ተሸክመውት ሲያለቅስ ከታየ በኋላ፣ ከሁሉም ክለብ ይልቅ ወደምንጠላው ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። ለብዙ ዓመታት ስሚዝን ይቅር አላልሁትም። ዛሬ ግን የተሸጠው ክለቡ ገንዘብ ያስፈልገው ስለነበር መሆኑን አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ ያን ዕዳ የተሸከመው ቤት ነው። ከዚያ ትልቅ ቡድን ውስጥ እንደ ዳልቻ በቦታው የቀረው አይርላንዳዊው የቀኝ መስመር ተከላካይ ጋሪ ኬሊ ነበር ማለት ይቻላል። ዕድሜውን ሁሉ ለሊድስ ብቻ ተጫውቶ በ2007 ጫማውን ሰቀለ። በ2004 መጨረሻ ላይ ደግሞ ክለቡ ኤላንድ ሮድን ራሱን ሸጦ በገዛ ሜዳው ተከራይ ሆነ፤ መልሶ የገዛው በ2017 ነው። ይህን ስሰማ በዓይኔ የመጣብኝ መሬቱን ለእኩል የሰጠው ጎረቤታችን ነው።

ከዚያ ሁሉ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ አንድም ቡድን አልሠራም። የመጣው የተረፈውን ቀዳዳ የሚደፍን ብቻ ነበር፤ አብዛኛው በነጻ ወይም በውሰት የመጣ፣ በዓመቱ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ነው። በ2007 ክለቡ በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ገብቶ ወደ ሦስተኛው እርከን ወደ ሊግ አንድ ወረደ፤ ቀጣዩንም ዘመን 15 ነጥብ ተቀንሶበት ጀመረ። ስለዚያ ዘመን ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ደስታ ብቻ ላንሳ። በ2002 ዓ.ም. ገና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው በኤፍ ኤ ካፕ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ጀርሜይን ቤክፎርድ ባስቆጠራት ጎል ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸነፍን፤ በዚያው ዓመትም ከሊግ አንድ ወጣን። ቤክፎርድ ከዝቅተኛ ሊግ የመጣ አጥቂ ነበር። ይሁንና ውሉ አልቆ በነጻ ወደ ኤቨርተን ሄደ። በሬውም የለም፣ የበሬውም ገንዘብ የለም። ስለ ዝውውር ሲነገር ብዙ ሰው በርካሽ የተሸጠ ተጫዋች ያስቆጨዋል፤ እኔን ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ውሉ በጊዜ ሳይታደስ ቀርቶ ባዶ እጅ የተሸኘ ተጫዋች ነው፤ ይህ የድህነት ብቻ ሳይሆን የቸልተኝነት ምልክት ነውና።

አሰልጣኙ ማርሴሎ ቢዬልሳ በ2018 ክረምት ሲመጣ ቡድኑ በሁለተኛው እርከን በሻምፒዮንሺፕ 13ኛ ሆኖ የጨረሰ ነበር። ፓትሪክ ባምፎርድንና ባሪ ዳግላስን የመሳሰሉ ጥቂቶችን ከመግዛት በቀር የነበረውን ቡድን አላፈረሰም። ሊያም ኩፐር፣ ሉክ ኤይሊንግ፣ ስቱዋርት ዳላስ፣ ማቴውሽ ክሊክ ሁሉም ከእርሱ በፊት የነበሩ ናቸው፤ የሊድስ ልጅ የሆነውን ካልቪን ፊሊፕስን ደግሞ ከተከላካዮቹ ፊት አቁሞ ኋላ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ የሚሰለፍ አማካይ አደረገው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ፣ በሁለተኛው ዓመት አንደኛ ሆነን ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ተመለስን። በየክረምቱ አሥር አዲስ ሰው ካልመጣ ቡድን አይሠራም ለሚሉ ጓደኞቼ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ይህን ነው። የነበረውን ሰው በሚገባ ያወቀ አሰልጣኝ ከብዙ ግዢ ይበልጣል።

ሁለተኛው መውረድ ግንቦት 20 ቀን 2015 ዓ.ም. መጣ፤ በሜዳችን በቶተንሃም 4 ለ 1 ተሸንፈን 19ኛ ሆነን ጨረስን። በዚህ ጊዜ እኔ ደብረ ማርቆስ የምሠራ፣ የራሴ ቤተሰብ ያለኝ ሰው ነበርሁ፤ ፍርሃቴ ግን ያው የ1996ቱ ፍርሃት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሆነው ነገር ከዚያ በፊት ያላየሁት ዓይነት ነው። ተጫዋቾቹ ሲፈርሙ ውላቸው ውስጥ «ቡድኑ ከወረደ በውሰት መሄድ እችላለሁ» የሚል አንቀጽ አስገብተው ኖሮ፣ ሮቢን ኮኽ ወደ ፍራንክፈርት፣ ብሬንደን አሮንሰን ወደ ኡኒየን በርሊን፣ ማርክ ሮካ ወደ ቤቲስ፣ ራስሙስ ክሪስቴንሰንና ዲዬጎ ዮሬንቴ ወደ ሮማ፣ ጃክ ሃሪሰን ወደ ኤቨርተን ተከታትለው ወጡ። አልተሸጡምና ክለቡ ሌላ ሰው የሚገዛበት በቂ ገንዘብ አላገኘም፤ በሬው የእኛ፣ እርሻው የሌላ ሆነ። ከዚያ ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ዜናውን የማገኘው አዲስ አበባ የሚኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሲደውል ነው። ሌላውን ሁሉ ከተጠያየቅን በኋላ፣ መጨረሻ ላይ፣ «ዛሬ ደግሞ እገሌ ሄደ» ይለኛል። ጎረቤቱ ሁሉ በሐሳብ በተወጠረበት በዚያ ወቅት ስለ ኳስ መጠየቅ ያሳፍረኝ ነበር፤ ቢሆንም እጠይቀው ነበር፤ ከቀድሞው ኑሮዬ ያልተለወጠ አንድ ነገር እንዲኖር እፈልግ ነበርና።

እንዲህ ያለውን አንቀጽ የፈቀደ አመራር የመውረድን ነገር ሳያስብ የፈረመ ነው ብዬ አምናለሁ። ተጫዋቹ ለራሱ ቢያስብ አልወቅሰውም። ክለቡ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ሰዎቹን የሚያቆይበትን ገመድ በደግ ቀን በገዛ እጁ ቆርጦታል። ከወረዱ በኋላ መልሶ የመገንባት ሥራ የሚጀምረው ከወረዱ በኋላ አይደለም፤ ገና ከላይ ሳሉ በሚፈረመው ውል ውስጥ ነው።

አዲሱ አሰልጣኝ ዳንኤል ፋርከ የተረከበው እንዲህ የተበተነ ቡድን ነበር። ከቼልሲ ኢታን አምፓዱን በ7 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛ፤ ጆ ሮደንን ከቶተንሃም በውሰት አመጣ። ውሰቱን እንደ መቀናጆ ነው የማየው፤ ለዘለቄታው ባይሆንም ክረምቱን ያሻግራል። በዚያ ዓመት 90 ነጥብ አግኝተን ሦስተኛ ሆንን፣ በቀጥታ ያላለፉት ለቀረው አንድ ቦታ በሚጋጠሙበት በፕሌይ ኦፉም ፍጻሜ በሳውዝሃምፕተን 1 ለ 0 ተሸነፍን። በሌሎች ብዙ ዓመታት 90 ነጥብ በቀጥታ ያሳልፋል፤ በዚያ ዓመት አላሳለፈም።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ክረምት ለመረዳት የገንዘቡን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የወረደ ክለብ የፕሪምየር ሊግን የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲያጣ በድንገት እንዳይሰበር የፓራሹት ክፍያ ይሰጠዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት የላይኞቹ ክለቦች እኩል ከሚካፈሉት የቴሌቪዥን ገንዘብ 55 ከመቶ፣ በሁለተኛው 45 ከመቶ፣ በሦስተኛው 20 ከመቶ። ማለትም በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ያልተመለሰ ክለብ በየክረምቱ ይበልጥ ይጠባል። በሌላ በኩል የኪሳራ ገደብ ነበረ፤ በዚያን ጊዜ በፕሪምየር ሊግ በሦስት ዓመት እስከ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ሲፈቀድ፣ በሻምፒዮንሺፕ ያለ ዓመት ግን በ13 ሚሊዮን ብቻ ነበር የሚሰላው። እዚህ ላይ የሒሳብ አያያዙ ለአገር ልጆች ጠንቅ ይሆናል። በ40 ሚሊዮን ተገዝቶ የአምስት ዓመት ውል የፈረመ ተጫዋች በመዝገብ ላይ በየዓመቱ 8 ሚሊዮን ይቀነስለታል፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በ40 ሚሊዮን ቢሸጥ ትርፍ ሆኖ የሚመዘገበው 16 ሚሊዮኑ ብቻ ነው። ክለቡ ራሱ ያሳደገው ልጅ ግን የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው የተሸጠበት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ይባላል። ስለዚህ ሕጉ ክለቡን «ወይፈንህን ሽጥ» ይለው ነበር። ክለቦች ከአቅማቸው በላይ እንዳይበደሩ የሚከለክል ገደብ መኖሩን እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ የ2001ዱን ብድር ያየ ሊድሳዊ እንዴት ይቃወማል? ነገር ግን ልጅ የሚያሳድግን ክለብ ልጁን እንዲሸጥ የሚገፋ ሒሳብ ሊስተካከል የሚገባው ሒሳብ ነው።

በ2024 ሐምሌ አርቺ ግሬይ ለቶተንሃም ተሸጠ። ዕድሜው 18 ነበር። አያቱ ፍራንክ፣ የአያቱ ወንድም ኤዲ፣ አባቱም አንዲ ለሊድስ የተጫወቱ ናቸው፤ እርሱም በዚያ የ90 ነጥብ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ በቋሚነት ተሰልፎ ነበር። ያን ዜና ስሰማ ከሃያ ዓመት በፊት በዚሁ በ18 ዓመቱ የሄደው ሚልነር ታወሰኝ፤ ሚልነር በዚያው ጊዜ ገና በፕሪምየር ሊግ ይጫወት ነበር። ክሪሴንሲዮ ሰመርቪል ወደ ዌስት ሃም፣ ጆርጂኒዮ ሩተር በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ብራይተን ተከተሉ። በቃ፣ 2004 ተመልሶ መጣ አልሁ።

ተሳስቼ ነበር፤ የተሳሳትሁበትን ምክንያት በሚገባ መናገር እፈልጋለሁ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ሊድስ 100 ነጥብ ሰብስቦ፣ 95 ጎል አስቆጥሮ ሻምፒዮን ሆነ። ሦስት ምርጦቹን ሸጦ ከቀድሞው የተሻለ ቡድን የሆነው፣ ከሽያጩ በፊት የማይነኩት ተለይተው ስለነበር ነው። አምፓዱ ቀርቶ አምበል ሆነ። ፓስካል ስትራይክ ቀረ፤ ዳንኤል ጄምስ ቀረ፤ ዊልፍሬድ ኞንቶ ቀረ፤ ዮኤል ፒሩ ቀርቶ በ19 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ፕሌይ ኦፍ ላይ የተሸነፈው አሰልጣኝ አልተባረረም። ከግሬይ ዝውውር ጋር ተያይዞ በውሰት የነበረው ሮደን በቋሚነት መጣ። ከጀርመን ሁለተኛ እርከን በአነስተኛ ገንዘብ የተገኘው ጃፓናዊው አማካይ አዎ ታናካ በጥቂት ወራት ውስጥ የቡድኑ ልብ ሆነ፤ ጄይደን ቦግል ከሼፊልድ ዩናይትድ መጣ፤ በውሰት ሄዶ የነበረው አሮንሰን ተመለሰ፤ በውሰት የመጣው ማኖር ሰለሞን በመጨረሻው ቀን ፕሊማውዝ ላይ በጭማሪ ሰዓት ባስቆጠራት ጎል ዋንጫው የእኛ ሆነ። በ2004 ሚልነር ተሸጦ ገንዘቡ ተበላ። በ2024 ግሬይ ተሸጦ ገንዘቡ ቡድን ሆነ። የሁለቱን ሽያጭ ሐዘን አንድ ዓይነት አድርጌ ያዘንሁት፣ የአባቴን ጥያቄ ረስቼ ማን እንደሄደና በስንት እንደሄደ ብቻ በመቁጠሬ ነው።

ይህ የሊድስ ብቻ ነገር አይደለም። የጣሊያኑ ጁቬንቱስ በ2006 በቅጣት ወደ ሁለተኛው እርከን ወደ ሴሪ ቢ ሲወርድ ኢብራሂሞቪችና ቪዬራ ወደ ኢንተር፣ ካናቫሮና ኤመርሰን ወደ ሪያል ማድሪድ፣ ዛምብሮታና ቱራም ወደ ባርሴሎና ሄዱ። ቡፎን፣ ዴል ፒዬሮ፣ ኔድቬድ፣ ትሬዜጌና ካሞራኔዚ ግን ቀሩ፤ ነጥብ ተቀንሶባቸውም በዓመቱ በአንደኝነት ተመለሱ። በተቃራኒው ሰንደርላንድ በ2017 ወርዶ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወረደ፤ ሉተንም ከ2024 በኋላ እንዲሁ ሆነ። ሌስተር ሲቲ በ2023 ሲወርድ ጄምስ ማዲሰንንና ሃርቪ ባርንስን ሸጦ፣ ጄሚ ቫርዲን አስቀርቶ በ97 ነጥብ ተመለሰ፤ ግን ያን ቡድን የሠራው አሰልጣኝ ኤንዞ ማሬስካ ወደ ቼልሲ ሲሄድ አማካዩን ኪየርናን ዱውስበሪ ሆልን አስከትሎ ሄደና ሌስተር በ2025 እንደገና ወረደ።

እነዚህን ነገሮች ሳስብ ዓይኔ ወደ ራሳችን ክለቦች መዞሩ አይቀርም። ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ገብቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ እስከ መጨረስ ደርሷል፤ ያ ለጎጃም ልጆች ቀላል ኩራት አልነበረም። ይሁን እንጂ በአገራችን ተጫዋች የሚፈርመው በአብዛኛው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ ውሉ ሲያልቅ የፊርማ ገንዘብ ወደ ሰጠው ክለብ ይሄዳል፤ ያሳደገውም ያሰለጠነውም ክለብ ምንም አያገኝም። የበርካታ ክለቦች ገንዘብ ደግሞ ከከተማ አስተዳደር በጀት ስለሚመጣ ክረምት በመጣ ቁጥር ቡድኑ ፈርሶ እንደ አዲስ ይሰበሰባል። የደብረ ማርቆስ ልጆች ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ባየሁ ቁጥር ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ በእውነተኛ ወይፈንነት ከአሮጌ በሬ ጋር ይጠመዳል እያልሁ አስባለሁ። የታዳጊ ቡድን የበጀት ትርፍ ሲኖር የሚያዝ፣ ሲጠፋ የሚተው ነገር ሆኖ ከቀጠለ፣ የወረደ ክለብ የሚመለስበት መንገድ አይኖረውም። የክለቦቻችን አመራሮች ውልን ረዘም እንዲያደርጉ፣ ልጆቹን ከነባሮቹ ጋር እንዲያሰልፉ፣ የሄደውን ተጫዋች ቦታ ማን እንደያዘው ለደጋፊው እንዲናገሩ ከልቤ እመኛለሁ።

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በአራት ሰዓት ሊድስ በኤላንድ ሮድ ከኤቨርተን ጋር ተጫወተ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የአስተያየት ሰጪው ድምፅ አይሰማም ነበር፤ በማሳያ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ጋር ስድስት ሰው ብቻ ነበር። ሜዳ ከገቡት አብዛኞቹ ታች ሳለን የነበሩት ናቸው። አምፓዱ አለ፣ ሮደን አለ፣ ስትራይክ አለ፣ ታናካ አለ፣ ጄምስ አለ። በዚያ ክረምት በነጻ የመጣው ሉካስ ንሜቻ ተቀይሮ ገብቶ በፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሸነፍን።

በቀጣዩ ቅዳሜ አባቴን ለማየት ወጣሁ። ዕድሜው ገፍቷል፤ እርሻውን አሁን ታናሽ ወንድሜ ነው የያዘው። የእኔን ቡድን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሚያውቅ ተመልሰው እንደሆነ ጠየቀኝ፤ መመለሳቸውን፣ ሦስት ጎበዝ ልጆች ሸጠው በቦታቸው እነማንን እንዳመጡ አንድ በአንድ ነገርሁት። ስሞቹ እንግዳ ቢሆኑበትም እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ደግ ተክተዋል» አለና ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። «ያ አያቱም አባቱም እዚያው የነበሩት ልጅስ? ቤቱ መቼ ይመለሳል?»

ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም። ገና 19 ዓመቱ ነው አልሁት።